በአነስተኛ በጀት የመኪና ድምፅ ማሻሻል፦ ከየት እንደሚጀመር፣ እንዴት እንደሚገጠምና ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ

የመኪናቸውን ድምፅ ለማሻሻል ገንዘብ አውጥተው ለውጥ ያላዩ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት የዕቃው ርካሽነት ሳይሆን የቅደም ተከተሉ መዛባት ነው። መጀመሪያ ባለ ስክሪን ቴፕ ወይም ኋላ የሚጫን ትልቅ ባስ ይገዛሉ፤ የበሩ ስፒከር ግን ወረቀቱ በእርጥበት እንደበሰበሰ፣ ገመዱም እንደላላ ይቀራል። ቀጭን በጀት ያለው ሰው ሊከተለው የሚገባው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦ በመጀመሪያ ያለውን መፈተሽና መጠገን፣ ቀጥሎ የፊት በር ስፒከሮችንና የበሩን እሽግ ማስተካከል፣ ከዚያ ቴፑን መቀየር፣ በመጨረሻም የግድ ካስፈለገ ብቻ አምፕሊፋየር (ለስፒከሮቹ ተጨማሪ ጉልበት የሚሰጥ ዕቃ) መጨመር።

መመሪያው በጅማ ለሚነዱት ለቪትዝ፣ ለኮሮላ፣ ለያሪስና ለመሰል ባለ 12 ቮልት የቤት መኪኖች የተዘጋጀ ነው። ቡና የሚያመላልሱት አይሱዙዎችና ሌሎች ባለ ሁለት ባትሪ የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ በ24 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸው የ12 ቮልት ቴፕ በቀጥታ ቢገናኝባቸው ይቃጠላል፤ ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር መግዛት ግዴታ ነው። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መውሰድ የተለመደ ቢሆንም አንዱ ሁልጊዜ እየጎደለ፣ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ባጃጅ ላይ ደግሞ ከቴፕና ከሁለት ስፒከር ያለፈ ነገር አይጫኑ፤ ባትሪውም ዲናሞውም አይችለውም።

ደረጃ 1፦ ሳይገዙ ይፈትሹ

1. የባስና የትሬብል ማስተካከያውን መሀል ላይ ያድርጉና ድምፁን በየተራ ወደ አራቱም ማዕዘን በመላክ እያንዳንዱን ስፒከር ለብቻው ያዳምጡ። የሚንቀጠቀጠውን፣ የሚቆራረጠውንና ጨርሶ ዝም ያለውን በወረቀት ላይ ይመዝግቡ።

2. ዝም ያለውን ስፒከር ገመዱን ነቅለው ቴስተሩን (ቮልትና ኦም የሚለካውን መሣሪያ) ኦም ላይ አድርገው ይለኩ። ባለ 4 ኦም ጤነኛ ስፒከር ከ3 እስከ 4 ባለው መካከል ያነባል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተቃጥሏል ወይም ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሾርት አድርጓልና እንደገና ከቴፑ ጋር አያገናኙት።

3. ስፒከሩ ጤነኛ ሆኖ ዝም ካለ ጥፋቱ በአብዛኛው ገመዱ ላይ ነው። በቅድሚያ በሩና የመኪናው አካል የሚገናኙበትን የጎማ ቱቦ ውስጥ ይመልከቱ፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ገመዱ የሚታጠፈው እዚያ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰውም እዚያው ነው።

4. የባትሪውን ቮልት ይለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል። ሞተሩ ሲነሣ ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ ማንበብ አለበት። ከዚህ በታች ከሆነ ገንዘብዎን መጀመሪያ ወደ ዲናሞው ያውሉት።

5. መኪናው ከጃፓን በቀጥታ የገባ ከሆነ ሬዲዮው እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚይዝ ሊሆን ይችላል፤ የጃፓን ኤፍኤም ለረጅም ጊዜ ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ያበቃ የነበረ ሲሆን በአገራችን ግን አብዛኞቹ ጣቢያዎች ከዚያ በላይ ናቸው። ብዙ የቪትዝ ባለቤቶች አንቴናው የተበላሸ እየመሰላቸው አንቴና ይለውጣሉ። ቴፑን ለመቀየር ካሰቡ ለዚህ ሲባል ተጨማሪ ዕቃ አይግዙ፤ ቴፑን የማይቀይሩ ከሆነ ግን ከአንቴናው ገመድ ጋር የሚገናኝ የባንድ መቀየሪያ በአነስተኛ ዋጋ ችግሩን ያቃልላል።

ደረጃ 2፦ በጀቱን ይደልድሉ

ከያዙት ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 45ቱን ለፊት ስፒከሮችና ለበሩ እሽግ፣ 35ቱን ለቴፑ፣ 20ውን ለገመድ፣ ለፊውዝና ለማገናኛ ይመድቡ። ለኋላ ስፒከር ምንም አይመድቡ። ሹፌሩና አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የሚሰሙት የፊቱን ነው፤ የኋላዎቹ በነበሩበት ይቀጥሉ፣ ከተቃጠሉም ለጊዜው ዝም ይበሉ። ሁለት ጥሩ ስፒከሮች ከአራት ደካሞች ይሻላሉ።

በካርቶን ላይ የተጻፈ ዋት አያታልልዎት። «4 በ50 ዋት» የሚል ቴፕ ለቅጽበት ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ እየተናገረ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ ስፒከር ሲመርጡ ስንት ዋት ይችላል ከማለት ይልቅ በትንሽ ጉልበት ምን ያህል ይጮኻል የሚለውን ይጠይቁ፤ ይህ ቁጥር በዴሲቤል ይጻፋል። ከ90 ዴሲቤል በላይ የሆነውን ይምረጡ። የ3 ዴሲቤል ልዩነት የአምፕሊፋየርን ጉልበት እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል በመሆኑ፣ ትክክለኛው ስፒከር የአምፕሊፋየርን ወጪ ጨርሶ ሊያስቀርልዎ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን ሱቁ ደጃፍ ላይ ይፈትኑ

መርካቶም ይሂዱ ወደ ሌላ ሱቅ፣ አራት ነገር ይዘው ይውጡ፦ ቴስተር፣ ሜትር፣ ሁለት ቀጭን ገመዶች የተያያዙበት አንድ ተራ የ1.5 ቮልት ድንጋይ፣ እንዲሁም በደንብ የሚያውቁት ዘፈን ያለበት ስልክ።

ያገለገለ ስፒከር ሲገዙ መሀሉን በሁለቱም እጅ ጣቶች ዙሪያውን እኩል ይዘው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይግፉት። የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ውስጡ ያለው ጥቅል ተቃጥሏል ወይም ተጣሟልና ይመልሱት። ቀጥሎ ድንጋዩን ለቅጽበት ያስነኩት፤ ጥርት ያለ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ዙሪያውን ያለውን ጠርዝ ጫን ብለው ይመልከቱ፦ ስፖንጁ የሚፈረፈር ከሆነ በአንድ ክረምት ያልቃል። ለጅማ የሚሆነው ፊቱ ፕላስቲክ፣ ጠርዙ ጎማ የሆነ ስፒከር ነው። ዝናብ በሚበዛበት ከተማ ባለ ወረቀት ስፒከር በር ውስጥ አይቆይምና በዋጋው መርከስ አይሳቡ።

ከመግዛትዎ በፊት ጥልቀቱን ይለኩ። የበሩን መስታወት ሙሉ በሙሉ ዝቅ አድርገው ከበሩ ላሜራ እስከ መስታወቱ ድረስ ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ የስፒከሩ ማግኔት ከዚያ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ማነስ አለበት። ይህን ያልለኩ ሰዎች መስታወታቸው በግማሽ ወርዶ ይቆምባቸዋል።

ቴፑን ሻጩ ባለው ባትሪ አስበርተው ቢያንስ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ያጫውቱት። ኤፍኤሙን፣ ብሉቱዙን፣ የፍላሽ መግቢያውንና ሁሉንም ቁልፎች ይሞክሩ። ርካሽ ባለ ትልቅ ስክሪን ቴፕ ብዙውን ጊዜ ለመነሣት የሚዘገይ፣ በድምፁም ደካማ ነው፤ በዚሁ ዋጋ ስክሪን የሌለው፣ ብሉቱዝና ፍላሽ የሚቀበል ነጠላ ቴፕ ይሻላል። የራሱ ሶኬትና ገመድ የተቆረጠበትን ያገለገለ ቴፕ በምንም ዋጋ አይግዙ። የቶዮታ የቴፕ ክፍተት 200 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሲሆን አብዛኛው ገበያ ላይ ያለ ቴፕ ግን 178 ነው፤ በግራና በቀኝ የሚገቡትን መሙያዎች አብረው ይጠይቁ።

ገመድ ሲገዙ ጫፉን በቢላዋ ይፋቁ። ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ለስፒከር ያገለግላል፤ ከባትሪ ለሚነሣ የአምፕሊፋየር ገመድ ግን በተጻፈው ውፍረት ልክ ጅረት ስለማይሸከም ይሞቃል።

ደረጃ 4፦ አሮጌውን ቴፕ አውጥተው አዲሱን ያገናኙ

የወጪው ቅድሚያ የበሩ ስፒከር ስለሆነ አሁን ቴፑን የማይቀይሩ ከሆነ ይህን ዘለው ወደ ደረጃ 5 ይሂዱ። የሚቀይሩ ከሆነ አስቀድመው ያዘጋጁ፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ባለ 10 መፍቻ፣ ናስትሮ፣ ጠንካራ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፣ ትርፍ ፊውዞችና ለመኪናዎ የሚሆን አገናኝ ሶኬት። ብዙ ቶዮታዎች ከቴፑ ጀርባ አንድ ባለ 10 እና አንድ ባለ 6 ፒን ሶኬት አላቸው፤ ይህን የሚቀበል አገናኝ ርካሽ ነው። የመኪናውን ሶኬት ቆርጦ ገመድ ለገመድ መጠምዘዝ በከተማችን የተለመደ ቢሆንም አይፍቀዱ። መኪናው ሲሸጥም ሆነ ቴፑ እንደገና ሲቀየር የሚያስቸግረው ይኸው መቆረጥ ነው።

1. ቁልፉን ነቅለው የባትሪውን ኔጌቲቭ ያላቅቁና ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ። ኤርባግ ባለው መኪና በክሩስኮቱ ውስጥ የሚያገኟቸውን ቢጫ ሶኬቶች አይንኩ፣ በቴስተርም አይውጉ።

2. የቴፑን ዙሪያ ፍሬም በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ከታች ጀምረው ቀስ ብለው ያላቅቁ። ካቻቢቴ ከተጠቀሙ ጠርዙ ይጫጫራል። ብሎኖቹን ፈትተው ቴፑን ይሳቡና ሶኬቶቹን ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።

3. የገመዶቹን ሥራ ይለዩ። በአብዛኞቹ ገበያ ላይ በሚገኙ ቴፖች ቢጫው ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ፣ ጥቁሩ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ) ነው፤ ሰማያዊው ለአንቴና ወይም ለአምፕሊፋየር ማስነሻ ነው። ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ወይን ጠጅ የኋላ ቀኝ ስፒከር ናቸው፤ ጥቁር መስመር ያለበት ጥንዱ ኔጌቲቩ ነው። የመኪናው በኩል ያለው ገመድ ግን በዚህ ቀለም አይሄድምና በግምት አያገናኙ።

4. በመኪናው በኩል ያለውን ለመለየት ባትሪውን ለጊዜው ይመልሱና ቴስተሩን ቮልት ላይ ያድርጉ። ቁልፉ ጠፍቶም 12 ቮልት የሚያሳየው ከቢጫው ጋር፣ ቁልፉ የመጀመሪያው እርከን ላይ ሲደርስ ብቻ የሚያሳየው ከቀዩ ጋር ይገናኛል። ከለዩ በኋላ ባትሪውን እንደገና ያላቅቁ።

5. ገመዶቹን ያገናኙ። መጠምዘዝ ብቻ አይበቃም፤ በሊድ ይበይዱ ወይም በፒንሳ የሚጨመቅ ማገናኛ ይጠቀሙ፣ ከዚያ በናስትሮ አጥብቀው ይጠቅልሉ። ማሳውን አሮጌ ብሎን ላይ ከማሰር በፊት ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ ይፋቁ።

6. የስፒከሮችን ኔጌቲቭ ከመኪናው አካል ጋር በፍጹም አያገናኙ። አንዳንድ አሮጌ መኪኖች ላይ አራቱም ስፒከሮች በአንድ ማሳ የታሰሩ ናቸው፤ አዲስ ቴፕ እንደዚያ ከተገናኘ የውስጥ ክፍሉ ወዲያው ይበላሻል። እንደዚህ ካገኙ ለእያንዳንዱ ስፒከር አዲስ ጥንድ ገመድ ይሳቡ።

7. ምንም ሳይገጥሙ ባትሪውን አገናኝተው ቴፑን ያስነሡ፣ አራቱን ማዕዘን ይሞክሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፍሬሙን ይመልሱ።

ደረጃ 5፦ የበሩን ስፒከር ይቀይሩ፣ በሩንም ያሽጉ

የዚህ ሥራ ዋናው ፍሬ ያለው እዚህ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ። ጥሩ ስፒከር በተበሳሳ በር ላይ ሲገጠም ከፊትና ከኋላው የሚወጣው ድምፅ እየተገናኘ ባሱን ያጠፋዋል። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይመድቡና በዝናብ ቀን አይጀምሩ።

1. የበሩን ሽፋን የያዙትን ብሎኖች ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ከውስጥ መክፈቻው ጀርባ፣ ሌላው እጅ በሚያርፍበት ጉድጓድ ውስጥ በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። መስታወቱ በእጅ የሚዞር ከሆነ የማዞሪያው እጀታ በቀጭን የሽቦ ክሊፕ የተያዘ ነው፤ ቀጭን ጨርቅ በእጀታውና በሽፋኑ መካከል አስገብተው ጫማ እንደሚጠርግ ሊስትሮ ወዲያና ወዲህ ሲስቡት ክሊፑ ይወጣል። ሲወጣ ይፈናጠራልና ሌላውን እጅዎን ከላይ ይጋርዱት።

2. ሽፋኑን ከታች በኩል ጀምረው ክሊፕ በክሊፕ ያላቅቁ፣ ከዚያ ወደ ላይ አንሥተው ያውጡት። ክሊፖች መሰበራቸው አይቀርም፤ አምስት ስድስት ትርፍ ከታፒሴሪያ ወይም ከመለዋወጫ ሱቅ ቀድመው ይግዙ።

3. ከሽፋኑ ጀርባ የተለጠፈውን ፕላስቲክ ላስቲክ አይቅደዱ፣ አይጣሉም። በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ ውስጥ ውኃ መግባቱ የተለመደ ነው፤ ላስቲኩ ውኃው ወደ ሽፋኑና ወደ ወለሉ እንዳያልፍ የሚከለክል ነው። ከተቀደደ በወፍራም ላስቲክ ይተኩት።

4. የፋብሪካው ስፒከር በብሎን ሳይሆን በሪቬት የተያዘ ሊሆን ይችላል፤ የሪቬቱን ራስ በትሬፓን ይብሱት። የብረቱን ፍርፋሪ በማግኔት ወይም በቫኪዩም አጥርተው ይልቀሙ፤ የቀረው አዲሱ ስፒከር ማግኔት ላይ ተለጥፎ ይዝጋል።

5. አዲሱ ስፒከር በቀጥታ ካልገጠመ የእንጨት ቀለበት ያሠሩ። በርጩማ የሚሠራ የጅማ አናጺ ይህን በአጭር ጊዜ ይቆርጥልዎታል፤ እርስዎ የሚወስዱለት በካርቶን ላይ የተሣለ የውጭና የውስጥ ክብ ልክ ብቻ ነው። ከ12 እስከ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይሁን። ቺፕዉድና ኤምዲኤፍ እርጥበት ጠጥተው ያብጣሉ። ቀለበቱን በሁሉም ጎን፣ የቀዳዳዎቹን ውስጥ ጨምሮ፣ ሁለት ጊዜ በዘይት ቀለም ይቀቡና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

6. ለስፒከሩ ጣሪያ ይሥሩለት። ከአሮጌ ጀሪካን ጎን ላይ ከስፒከሩ ጥቂት የሚሰፋ ቁራጭ ይቁረጡ፤ በቅስት አጥፈው በቀለበቱ የላይኛው ግማሽ ላይ ወደ በሩ ውስጥ እንዲወጣ አድርገው በስፒከሩ ብሎኖች አብረው ያስሩት። በመስታወቱ ተንሸራቶ የሚወርደው ውኃ ማግኔቱ ላይ ሳያርፍ በጎን ያልፋል። መስታወቱን አውርደው እንዳይነካው ያረጋግጡ።

7. ከስፒከሩ ዙሪያ ያሉትን ትልልቅ የላሜራ ቀዳዳዎች በአሉሚኒየም በተሸፈነ ለስላሳ ማሸጊያ ይድፈኑ። መለጠፊያው ቦታ በአልኮል ይጠረግና ይድረቅ። ለጣሪያ የሚሸጥ ሬንጅ አይጠቀሙ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሸታል፣ ይወርዳልም። ከበሩ ሥር ያሉትን ጠባብ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ግን በፍጹም አይድፈኑ፤ ከተደፈኑ በሩ ውኃ ያቁርና ይበሰብሳል።

8. ገመዱን ከማገናኘትዎ በፊት ፖዘቲቩን ይለዩ። የድንጋዩን ፖዘቲቭ በአንዱ፣ ኔጌቲቩን በሌላው ጫፍ ላይ ለቅጽበት ያስነኩ፤ የስፒከሩ ፊት ወደ ውጭ ከወጣ ድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱም በሮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው።

9. ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት ዘፈን ከፍተው መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ያውጡና ያውርዱ፣ የበሩን መቆለፊያም ይሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ማስተካከል

ቴፑ ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማስተካከያ ካለ ለበር ስፒከሮች 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉት። ትንሽ ስፒከር ከባድ ባስ እንዲያወጣ ሲገደድ ሌላውም ድምፅ ይበላሻል፤ ከዚያ ነፃ ሲወጣ በዚያው ጉልበት የበለጠ ጮክ ብሎ ጥርት ይላል። «ላውድነስ» እና የባስ መጨመሪያ ቁልፎችን ያጥፉ። ድምፁን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉና መሻከር የሚጀምርበትን ቁጥር ያስታውሱ፤ ከዚያ ሁለት እርከን ዝቅ ያለው የዘወትር ጣሪያዎ ነው። ስፒከርን በአብዛኛው የሚያቃጥለው ይህ የሻከረ ድምፅ ነው።

ደረጃ 7፦ አምፕሊፋየር፣ የግድ ካስፈለገ

እስካሁን ያለው ካረካዎ እዚህ ያቁሙ። ካልሆነ ባለ አራት ቻናል፣ ለእያንዳንዱ 50 ዋት ያህል ሳያቋርጥ የሚሰጥ ይበቃል። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር በሙሉ ጉልበቱ 25 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ ስለዚህ 8 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ መዳብ ገመድና ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ያስፈልገዋል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሴንቲሜትር ባልራቀ ቦታ ይቀመጥ፤ ሥራው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ገመዱን ከመቃጠልና መኪናውን ከእሳት መጠበቅ ነው። ያለ ፊውዝ ለአንድ ቀንም አይንዱ። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጎማ ይኑረው፤ ላሜራ ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ገመድ በመንቀጥቀጥ ይላጣል። ድምፁን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚወስደውን የመልእክት ገመድ በአንዱ በር ሥር፣ የባትሪውን ገመድ በሌላው በኩል ይሳቡ።

ችግር ሲገጥም

ቁልፍ ባጠፉ ቁጥር ቴፑ ጣቢያዎቹንና ሰዓቱን የሚረሳ ከሆነ ቢጫውና ቀዩ ተቀያይረዋል፤ ያዙሯቸው። በተቃራኒው ባትሪው ጠዋት ላይ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ሁለቱም ከቋሚው ገመድ ጋር ታስረዋል፤ ቀዩን ቁልፍ ወደሚቆጣጠረው መስመር ይመልሱ።

ፊውዝ ከተቃጠለ በምንም ምክንያት በትልቅ ወይም በሽቦ አይተኩት። የስፒከሮቹን ሶኬት ነቅለው በልኩ ፊውዝ ይሞክሩ፤ አሁን ካልተቃጠለ ሾርቱ ከስፒከሮቹ በአንዱ መስመር ላይ ነው፣ አንድ በአንድ እየመለሱ ያገኙታል።

አዲሶቹ ስፒከሮች ከአሮጌዎቹ ያነሰ ባስ ካላቸውና ድምፁ ከመሀል ሳይሆን ከየጎኑ የሚመጣ ከመሰለ አንዱ በር ተገልብጦ ተገናኝቷል። ቴፑ ጀርባ ላይ የአንዱን በር ሁለት ገመዶች ይቀያይሩና ያወዳድሩ፤ ባስ የበዛበት ትክክለኛው ነው።

በመጥፎ መንገድ ላይ ብቻ የሚንቀጠቀጥ በር ካለ ጥፋቱ ከስፒከሩ ሳይሆን ከላላ ክሊፕ ወይም በበሩ ውስጥ ከሚመታ ገመድ ነው። ሽፋኑን በእጅዎ እየተጫኑ ቦታውን ይፈልጉና በክሊፑ ዙሪያ ቀጭን ስፖንጅ ያስገቡ።

ከሞተሩ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ፉጨት ከተሰማ መጀመሪያ ማሳውን ይመልከቱ። ቴፑንና አምፕሊፋየሩን በንጹሕ ብረት ላይ ያስሩ፤ ከዚያ የመልእክት ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው ያዳምጡ። ፉጨቱ ከጠፋ የሚገባው በመልእክት ገመዱ ወይም በቴፑ በኩል ነውና ገመዱን ከባትሪው ገመድ ያርቁ፤ ካልጠፋ የአምፕሊፋየሩን ማሳ አሳጥረው ወደ ሌላ ብሎን ያዛውሩ።